ልጅና በረዶ የሠራ ሐይቅ፦ «አትሂድ» ማለት ለምን አይበቃም?

በረዶ የሠራ ሐይቅ በልጅ ዓይን ሜዳ ነው። ትናንት ውሃ የነበረው ቦታ ዛሬ ነጭ ሆኖ ለጥ ብሏል። ያንሸራትታል፣ ያብረቀርቃል፣ ድንጋይ ሲወረውሩበት ደስ የሚል ድምፅ ያወጣል። ብዙ ጊዜ አጥርም ጠባቂም የለውም። ልጁ ዳሩ ላይ ቆሞ በአንድ እግሩ ይሞክረዋል። አይሰበርም። ሁለተኛውን እግሩን ይጨምራል። አሁንም አይሰበርም። በቃ፣ «ይይዛል» ብሎ ይደመድማል። ችግሩ ዳር ላይ የያዘው በረዶ አምስት እርምጃ ወደ ውስጥ ሲገባ ላይይዝ መቻሉ ነው።

እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 11 ቀን 2022 እንግሊዝ ውስጥ፣ ሶሊሀል በሚገኘው ባብስ ሚል ሐይቅ ላይ በረዶው ተሰብሮ 4 ወንድ ልጆች ውሃ ውስጥ ገቡ። አራቱም ሕይወታቸው አለፈ። ዕድሜያቸው 6፣ 8፣ 10 እና 11 ዓመት ነበር። ቦታው ከሰው የራቀ ጫካ አልነበረም። መኖሪያ ቤቶች አጠገብ ያለ፣ ሰው በእግሩ የሚንሸራሸርበት መናፈሻ ነው።

ሐይቅ በረዶ በማይሠራበት አገር ያደገ ወላጅ ይህን ጉዳይ ከቤተሰቡ ሊማረው አልቻለም። ልጁ ግን ትምህርት ቤት ሲሄድና ሲመለስ በኩሬ ዳር ያልፍ ይሆናል። ስለዚህ ወላጅ ከልጁ ጋር እኩል ከ«ሀ» መጀመር አለበት፤ ይህ ደግሞ የሚያሳፍር ነገር አይደለም። የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ብዙዎቻችን ጉዳዩን «እንዳትሄድ! ተጠንቀቅ!» በሚል አንድ ትእዛዝ እናልፈዋለን። ትእዛዙ ትክክል ነው፤ ግን ልጁ ምክንያቱን አያውቅም። ከዚህ የባሰው ደግሞ ጓደኛው በረዶው ሲሰበርበት ምን እንደሚያደርግ ማንም አልነገረውም። ስለዚህ የሚያደርገው በደመ ነፍስ የመጣለትን ነው፤ ሮጦ ይሄዳል። አንድ አደጋ ሁለትና ሦስት ሰው የሚወስደው በዚህ መንገድ ነው።

በረዶው ለምን ያታልላል?

ውሃ ሲቀዘቅዝ እየከበደ ወደ ታች ይሰምጣል። ግን ይህ የሚሆነው ሙቀቱ ወደ 4 ዲግሪ ሴልሺየስ እስኪወርድ ድረስ ብቻ ነው። ከዚያ በታች ሲቀዘቅዝ መልሶ ይቀልና ላይ ላዩን ይንሳፈፋል። 0 ዲግሪ ሲደርስ በረዶ የሚሠራውም ይሄው የላይኛው ውሃ ነው። ስለዚህ ሐይቅ የሚረጋው ከላይ ወደ ታች ነው። ክረምቱ የቱንም ያህል ቢከፋ፣ ጥልቀት ባለው ሐይቅ ሥር ያለው ውሃ ውሃ እንደሆነ ይቆያል። ለልጅ ሲነገር፦ «ሐይቁ አልጠፋም፣ ክዳን ነው የለበሰው። ክዳኑ ላይ ስትቆም ሥርህ ያው ሐይቅ ነው።» አንድ የ6 ዓመት ልጅ ይህን በደንብ ይረዳል።

ክዳኑ ደግሞ ውፍረቱ የትም ቦታ እኩል አይደለም። ውሃ የሚገባበትና የሚወጣበት ቦታ በረዶው ስስ ነው፤ የሚንቀሳቀስ ውሃ በቀላሉ አይረጋም። ከሥር ምንጭ ያለበት ቦታም እንደዚያው። ሸምበቆና ቄጤማ የበቀለበት፣ ትልቅ ድንጋይ ወይም የእንጨት ምሰሶ የቆመበት፣ ድልድይ ሥር፣ ዳክዬዎች የሚውሉበት ጥግ፣ እነዚህ ሁሉ ደካማ ቦታዎች ናቸው። አንዱ ጋ አንድ ጎልማሳ ይራመዳል፤ ጥቂት ሜትር ራቅ ብሎ አንድ ሕፃን ልጅ ይሰምጣል። ከላይ ሲታይ ሁለቱም ቦታ አንድ ነው።

ስኖው፣ ማለትም ከሰማይ የሚወርደው ለስላሳ ነጭ በረዶ፣ ሲወርድበት ነገሩ ይብሳል። ስኖው ስንጥቁንና የቀለሙን ልዩነት ይሸፍናል። በዚያ ላይ ከውሃው የሚወጣውን ሙቀት አፍኖ ስለሚይዝ፣ ከሥሩ ያለው በረዶ እንዳይወፍር ያደርጋል። ወላጆች ብዙ ጊዜ የሚገምቱት የዚህን ተቃራኒ ነው፤ ስኖው የበዛበት ሐይቅ ይበልጥ የረጋ ይመስላቸዋል።

በመኖሪያ አካባቢ የሚገኙት ትንንሽ ኩሬዎች ደግሞ የራሳቸው ጣጣ አላቸው። ብዙዎቹ የዝናብና የመንገድ ፍሳሽ ማጠራቀሚያ ናቸው። ውሃቸው በቱቦ እየገባና እየወጣ ከፍና ዝቅ ይላል። ውሃው ዝቅ ሲል በበረዶውና በውሃው መካከል ባዶ አየር ይቀራል፤ በረዶው ደግሞ ከሥር የሚደግፈው ነገር ያጣል። መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው ታጥቦ የሚገባውም እዚያው ነው፤ ጨው ያለበት ውሃ ደግሞ ቶሎ አይረጋም። ልጆች የሚጫወቱት ከሩቁ ትልቅ ሐይቅ ይልቅ እነዚህ ኩሬዎች ዳር ስለሆነ፣ ከሁሉም በፊት ዓይን ሊጣልባቸው የሚገባው እነሱ ናቸው።

ስለ ውፍረት ቁጥሮች ሰምታችሁ ይሆናል። የአሜሪካዋ ሚኒሶታ ግዛት የተፈጥሮ ሀብት መሥሪያ ቤት፣ አንድ ሰው በእግሩ እንዲሄድበት ጥርት ያለ አዲስ በረዶ ቢያንስ 10 ሴንቲ ሜትር ግድም ሊሆን ይገባል ይላል። ነጭ በረዶ ጥንካሬው የዚያ ግማሽ ያህል ስለሆነ፣ ውፍረቱ እጥፍ መሆን አለበት። በረዶው ላይ መሄድና ዓሣ ማጥመድ የዘወትር ሥራ የሆነባቸው ሰዎች በየጥቂት እርምጃው እየበሱ በሜትር ይለኩታል። በብሪታንያ ደግሞ የእሳት አደጋ መሥሪያ ቤቶች ለሕዝቡ የሚሰጡት ምክር አንድና አጭር ነው፦ በረዶ የሠራ ውሃ ላይ በጭራሽ አትውጡ። እኔ ለልጅ የሚነገረው ይሄኛው መሆን አለበት ባይ ነኝ። ለ9 ዓመት ልጅ «10 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ይይዛል» ብሎ መንገር፣ ዳሩ ላይ በዓይኑ እየለካ እንዲፈርድ ሥልጣን መስጠት ነው። ቁጥሩ የአዋቂ መሣሪያ ነው። በክትትል ሥር ያለ፣ በባለሙያ የተለካ፣ «ተከፍቷል» የተባለ የመንሸራተቻ ቦታ ካለ፣ ልጁ ከአዋቂ ጋር እዚያ ይሂድ። ልዩነቱንም ግለጹለት፤ አለበለዚያ «ያኔ አብረን ሄደን የለ እንዴ?» ይላችኋል። ጥያቄውም ተገቢ ነው።

ልጆች በረዶን የሚፈትኑባቸው ዘዴዎች አሏቸው። ድንጋይ ወርውረው ካልተሰበረ ይይዛል ይላሉ። የሰው ዱካ ካዩ ይይዛል ይላሉ። ካልተንኮሻኮሸም ይይዛል ይላሉ። አንዳቸውም አይሠሩም። ድንጋዩ የልጁን ያህል አይከብድም፤ ዱካውም የትናንት ሊሆን ይችላል። ወፍራም በረዶ አንዳንዴ በኃይል ይጮሃል፤ ስሱ ደግሞ ድምፅ ሳያሰማ ይከዳል። እነዚህን ሦስት ነገሮች በስማቸው እየጠራችሁ ንገሯቸው። ልጆች ሰፈር ውስጥ እርስ በርስ የሚማማሩት እነዚህን ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። በካናዳው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ የተመራና የ10 አገሮችን መረጃ ያየ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2020 ታትሟል። በረዶ ባለባቸው አገሮች በክረምት የሚሰምጠው ሰው ቁጥር የሚጨምረው የአየሩ ሙቀት ወደ 0 ዲግሪ ሲጠጋ እንደሆነ አሳይቷል። ማለትም ሰው የሚሞተው ብርዱ ሲከፋ ሳይሆን ለዘብ ሲል ነው። ለዘብ ያለ ቀን ደግሞ ልጆች ለጨዋታ የሚወጡበት ቀን ነው። ቅዳሜ ጠዋት ፀሐይ ወጥታ «ዛሬስ ደስ ይላል» ስትሉ፣ ማስጠንቀቅ ያለባችሁ ያኔ ነው።

ውሃው ውስጥ የገባ ሰው ምን ይሆናል?

የካናዳው ማኒቶባ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ጎርደን ጊስብሬክት ቅዝቃዜ ሰውነት ላይ የሚያደርሰውን ለዓመታት ያጠኑ ሰው ናቸው፤ ራሳቸውም በተደጋጋሚ በረዶ ውሃ ውስጥ ገብተው አሳይተዋል። ነገሩን በሦስት ቁጥር ያስተምሩታል፦ 1፣ 10፣ 1። አንድ ደቂቃ፣ አሥር ደቂቃ፣ አንድ ሰዓት።

የመጀመሪያው አንድ ደቂቃ የድንጋጤ ነው። ሰውነት ድንገት በረዶ ውሃ ሲነካው ሳይፈልግ አየር ይስባል፣ ከዚያም ትንፋሹ ይፈጥናል። ይህን ማንም አይቆጣጠረውም፤ ጎበዝ ዋናተኛም ቢሆን። ያን ጊዜ ጭንቅላቱ ከውሃ በታች ከሆነ የሚስበው ውሃ ነው። ብዙ ሰው የሚሞተው በብርድ ሳይሆን እዚህ ላይ ነው። ጥሩው ነገር ድንጋጤው ማለፉ ነው። ትንፋሹ በአንድ ደቂቃ ገደማ ውስጥ እየረጋ ይመጣል።

ቀጣዩ አሥር ደቂቃ እጅና እግር የሚታዘዙበት ጊዜ ነው። ከዚያ በኋላ ደም ከእጅና ከእግር ስለሚሸሽ ጣት አይጨብጥም፣ ክንድ አይስብም። ሰውየው ንቁ ነው፣ ይሰማል፣ ይናገራል፤ ግን ራሱን ማውጣት አይችልም። የመጨረሻው አንድ ሰዓት ደግሞ ሰውነት ከመቀዝቀዙ የተነሳ ራስን እስከ መሳት የሚወስደው ግምታዊ ጊዜ ነው። እነዚህ ሁሉ የአዋቂ ቁጥሮች ናቸው። ልጅ ትንሽ ስለሆነ ቶሎ ይቀዘቅዛል፤ የሱ ጊዜ ያጠረ ነው።

ታዲያ ይህን ለልጅ መንገር ማስፈራራት አይሆንም? አይመስለኝም። «ከወደቅህ ወዲያው ትሞታለህ» ብሎ መንገር ነው ጉዳቱ። እንዲያ የሰማ ልጅ ሲወድቅ ተስፋ ይቆርጣል ወይም በድንጋጤ ይንፈራገጣል። «መጀመሪያ ትንፋሽ ያሳጥርሃል፣ ግን ያልፋል፤ እስኪያልፍ ያዝ» የተባለ ልጅ የሚጨብጠው ነገር አለው።

ፍሪዘርና አንድ ጎድጓዳ ሳህን

ልጆች በጆሮ ከሰሙት ይልቅ በእጃቸው የነኩት አይረሳቸውም። ቤት ውስጥ የሚሠሩ ሁለት ነገሮች አሉ። ሁለቱም ምንም አያስወጡም።

ሰፋ ያለ የፕላስቲክ ዕቃ ውሃ ሙሉና ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጡ። ከአንድ ሰዓት ተኩል ወይም ከሁለት ሰዓት በኋላ አውጡት። ላዩ በረዶ ሠርቷል። ልጁ ዕቃውን ቀስ አድርጎ ያዘንብለው፤ ከሥር ውሃው ሲንቀሳቀስ ያያል። አሁን ትንሽ ጠጠር ዳር ላይ ያስቀምጥ። ይይዛል። ከዚያ መሃሉን በአንድ ጣቱ ጫን ይበለው። ጠሽ ብሎ ይሰበርና ጣቱ ውሃ ውስጥ ይገባል። ዳሩ ጠንካራ፣ መሃሉ ስስ እንደነበር በራሱ ጣት አየ። ሌላ ዕቃ አዘጋጅታችሁ ከሆነ፣ በሱ ደግሞ በጣት ፈንታ መዳፉን ዘርግቶ በዝግታ ይጫነው። ጣት የሰበረውን በረዶ መዳፍ ላይሰብረው ይችላል፤ ክብደቱ ተበትኗልና። በረዶ ላይ የተያዘ ሰው ቆሞ ሳይሆን ተኝቶ ለምን እንደሚወጣ ከዚህ ወዲያ ማብራራት አያስፈልግም። ሦስተኛ ዕቃ ላይ ፍሪዘር ሳይገባ ማንኪያ ጨው ጨምሩበት፤ ሌሎቹ ሲረጉ እሱ ሲዘገይ፣ ስለ መንገድ ዳሩ ኩሬ አንሱለት።

ሁለተኛው የእጅ ሙከራ ነው። ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ቀዝቃዛ ውሃና በረዶ ጨምሩ። ልጁ አንድ እጁን እስከ አንጓው ያስገባ፤ ከአንድ ደቂቃ አይበልጥ፤ ሲያመው ወዲያው ያውጣ። ከዚያ በዚያው እጁ የሸሚዙን ቁልፍ ይቆልፍ፤ ወይም ጠረጴዛ ላይ የተበተነ ሳንቲም ይልቀም። ጣቶቹ እንቢ ይሉታል። ይሄ አንድ እጅ ነው፣ ለዚያውም ሙቅ ቤት ውስጥ፣ ለአንድ ደቂቃ። እናንተ ምንም ባትጨምሩም ቀሪውን ራሱ ያስበዋል።

ለ3 እና ለ4 ዓመት ልጆች ግን ይህ ሁሉ አይሠራም። በዚያ ዕድሜ ትምህርት ጥበቃ አይሆንም። ሕግ ነግራችሁት አዎ ብሎ፣ ዳክዬ ሲያይ ረስቶት ይሮጣል። ውሃ አጠገብ ስትሆኑ እጁ እጃችሁ ውስጥ ይሁን። የጓሮ ኩሬም ከዚህ አይለይም።

ጓደኛው ሲወድቅ

ከሁሉም በላይ ጊዜ ልትሰጡት የሚገባው ይህ ነው። ልጅ ብቻውን ሐይቅ ላይ የሚሄደው አልፎ አልፎ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከጓደኛ፣ ከወንድም፣ ከእህት ጋር ነው። አንዱ ሲወድቅ የሌላው ልብ «ሂድ፣ ያዘው» ይለዋል። ያ ልብ መልካም ልብ ነው፤ ልጃችሁን ለዚያ ልቡ አትውቀሱት። ግን አንድ ነገር በግልጽ ይወቅ፦ ጓደኛውን ያልያዘ በረዶ እሱንም አይይዝም። ሁለቱም ከገቡ ደግሞ እርዳታ የሚጠራ ሰው አይኖርም። ዳር ላይ መቅረት ጓደኛን መተው አይደለም፤ ጓደኛው የቀረው ዕድል ያ ዳር ላይ ያለው ልጅ ነው።

ሦስት ቃል አስተምሯቸው፦ ጩኽ፣ ደውል፣ ወርውር።

መጮህ የመጀመሪያው ነው። አካባቢው ላይ አዋቂ ካለ እንዲሰማ፣ ጓደኛውም ብቻውን እንዳልሆነ እንዲያውቅ። ውሃ ውስጥ ያለው ልጅ ራሱ ላይጮህ ይችላል፤ ትንፋሽ ያጠረው ሰው ድምፅ የለውም። ስለዚህ ዝም ማለቱ ደህና መሆኑን አያሳይም።

መደወል ሁለተኛው ነው። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች 112፣ በብሪታንያ 999፣ በአሜሪካና በካናዳ 911። ልጁ የሚኖርበትን አገር ቁጥር በቃሉ ይወቅ። የተቆለፈ ስልክም ቢሆን የአደጋ ጥሪ እንደሚያደርግ አሳዩት። ንግግሩንም ተለማመዱት፤ አንዳችሁ ስልክ ተቀባይ ሁኑ። «ምን ተፈጠረ?» «ጓደኛዬ በረዶው ተሰብሮበት ውሃ ውስጥ ገብቷል።» «የት ነው?» እዚህ ጋ ብዙ ልጆች ይደናቀፋሉ፤ «ሐይቁ ጋ» ይላሉ። የትኛው ሐይቅ? የመናፈሻው ስም ማን ነው? በየትኛው በር በኩል? ልጁ የሚያልፍባቸውን ኩሬዎችና መናፈሻዎች ስም አብራችሁ አጥኑ። ልምምዱም ስልክ ተቀባዩ በሚሰማው ቋንቋ ይሁን እንጂ ቤት ውስጥ በምታወሩት ብቻ አይሁን። እና ስልኩን እነሱ ዝጋ እስኪሉት ድረስ አይዝጋ።

መወርወር ሦስተኛው ነው። ስዊድን ውስጥ ልጆች በትምህርት ቤት ውሃ ላይ ሰው ሲቸገር በ«ረዘመ ክንድ» እንዲረዱ ይማራሉ፤ ማለትም በራስህ እጅ ፈንታ ዕቃ ትዘረጋለህ። ሻርፕ፣ ገመድ፣ ረጅም ቅርንጫፍ፣ የስኖው መንሸራተቻ፣ እርስ በርስ የታሰሩ ጃኬቶች ይሆናሉ። ውሃው ዳር ሕይወት ማዳኛ ቀለበት ተሰቅሎ ካለ ከሁሉ ይሻላል። ምንም ካልተገኘ ኳስ ወይም የተከደነ ትልቅ ባዶ የፕላስቲክ ጠርሙስም ለመንሳፈፍ ይረዳል። የሚዘረጋው ልጅ በረዶው ላይ ሳይወጣ ደረቅ መሬት ላይ በሆዱ ይተኛ፤ ቆሞ ከዘረጋ ጓደኛው ስቦ ይጥለዋል። ካልደረሰለት ከጓደኛው ጋር እያወራ ይቆይ። «ዳሩን ያዝ! እየመጡ ነው!» ይበለው። ጓደኛው ከዓይኑ ከጠፋ ደግሞ የጠፋበትን ቦታ በምልክት ይያዝ፤ ለአዳኞች ከዚህ የሚበልጥ መረጃ የለም።

አሁን ወላጆችን የሚመለከት ከባድ ነገር። ልጆች እርዳታ ሳይጠሩ የሚዘገዩበት አንዱ ምክንያት ቁጣ መፍራት ነው። «እዚያ እንዳትሄዱ ተብለናል፣ ከደወልን ይታወቅብናል።» አሥር ደቂቃ ብቻ ባለበት ጉዳይ ይህ ፍርሃት ሕይወት ይበላል። ስለዚህ ዛሬውኑ፣ ምንም ሳይፈጠር፣ ይህን ቃል ግቡላቸው፦ «የትም ብትሆን፣ የከለከልኩህ ቦታም ቢሆን፣ አደጋ ሲኖር ደውል። ስለ ደወልክ አልቀጣህም።» ቃሉንም ጠብቁት። አንድ ጊዜ ካፈረሳችሁት ሁለተኛ አያምኗችሁም።

ስለ ኳስና ስለ ውሻም ለይታችሁ አውሩ። ልጅ «ሐይቁ ላይ አልወጣም» ሲል ለጨዋታ አልወጣም ማለቱ ነው። ኳሷ ስትገባ ወይም ውሻው ሮጦ ሲሰበርበት ነገሩ ሌላ ይሆንበታል። ኳስ ይገዛል፤ ጓንትም ኮፍያም ይገዛል። ውሻ ብዙ ጊዜ ታግሎ ራሱ ይወጣል፤ ተከትሎት የገባው ሰው ግን ላይወጣ ይችላል። ውሃ ዳር ውሻውን በገመድ መያዝ የአዋቂ ሥራ ነው።

ከፍ ያሉት፣ የ11፣ የ12፣ የ13 ዓመቶቹ፣ ችግራቸው አለማወቅ አይደለም። ያውቃሉ። ጓደኞቻቸው ስልካቸውን ደግነው «ፈሪ!» ሲሏቸው ነው የሚወጡት። ለእነሱ ስለ በረዶ ደጋግሞ ከማስረዳት ይልቅ የሚሉትን ማቀበል ይሻላል። «እናቴ ካየችኝ ስልኬን ትወስድብኛለች» ብሎ ማምለጥ ይችላል። ሰበቡ እናንተ ሁኑ፤ ይጠቀምባችሁ።

ራሱ ቢወድቅ

ቅደም ተከተሉ አጭር ነው፤ ምንጣፍ ላይ ተለማመዱት። መጀመሪያ ዳሩን ይዞ ትንፋሹ እስኪረጋ መቆየት። ልብሱን ለማውለቅ አይሞክር፤ የክረምት ልብስ በውስጡ አየር ስለሚይዝ መጀመሪያ ላይ ያንሳፍፋል። ከዚያ ፊቱን ወደ መጣበት አቅጣጫ ማዞር። ልጆች ወደ ፊት መቀጠል ይቀናቸዋል፤ ግን ይዞት እንደነበር የሚያውቀው በረዶ ከኋላው ያለው ብቻ ነው። ሁለቱን ክንዶች በረዶው ላይ ዘርግቶ፣ እግሮቹን ከኋላ ከፍ አድርጎ እየረገጠ፣ በሆዱ መንሸራተት። በረዶው ደጋግሞ ቢሰበርም እየሰበረ ወደ ዳር መቀጠል። ሲወጣ መቆም የለም። እየተንከባለለ ወይም በሆዱ እየተሳበ በመጣበት መንገድ ይመለሳል። ቶሎ ተነስቶ መሮጥ ዳግም መስመጥ ነው።

መውጣት ካቃተውስ? ክንዶቹን በረዶው ላይ ዘርግቶ ሳይንቀሳቀስ ይጠብቅ። እርጥብ እጅጌ በረዶው ላይ ሊጣበቅ ይችላል፤ ራሱን ቢስት እንኳ እንዳይሰምጥ ይይዘዋል። ይህን ጊስብሬክትም ያስተምሩታል።

ኔዘርላንድስ ውስጥ ልጆች ለውሃ ዋና ዲፕሎማ ሲፈተኑ ልብስ ለብሰው ይዋኛሉ፤ ውሃ ውስጥ በተንጠለጠለ ሸራ ቀዳዳም ጠልቀው ያልፋሉ። በምትኖሩበት አካባቢ የዋና ትምህርት ካለ፣ በልብስ መዋኘትን ያለማምዱ እንደሆነ ጠይቁ። ሞቅ ያለ ገንዳ ውስጥ እርጥብ ሹራብ እንዴት እንደሚከብድ የቀመሰ ልጅ፣ ያ ክብደት ድንገት ቢመጣበት አዲስ አይሆንበትም።

ከወጣ በኋላ

ከውሃ የወጣ ልጅ ደህና ቢመስልም ሐኪም ይየው። የሰውነት ሙቀት ከወጣ በኋላም መውረዱን ሊቀጥል ይችላል፤ ሳንባ ውስጥ የገባ ውሃም ኋላ ላይ ያስቸግራል። ነፋስ ወደሌለበት ቦታ ወስዳችሁ አስተኙት፤ አታስሩጡት፣ አታራምዱት። እርጥቡን ልብስ አውልቃችሁ በደረቅ ብርድ ልብስ ጠቅልሉት፤ ራሱንም ሸፍኑ። መጀመሪያ የሚሞቀው ደረቱና ሆዱ ነው። እጅና እግሩን አታሹ፣ ሙቅ ሻወር ውስጥ አታስገቡት። በደንብ የነቃ ከሆነ ለብ ያለ ጣፋጭ መጠጥ ይጠጣ።

ካልተነፈሰ ወዲያው የልብና የትንፋሽ እርዳታ ጀምሩ፤ ባለሙያ እስኪመጣም አታቋርጡ። «ቆይቷል፣ አልቋል» አይባልም። እ.ኤ.አ. በ1986 በአሜሪካ ዩታ ግዛት ቀዝቃዛ ወንዝ ውስጥ ከ60 ደቂቃ በላይ ተውጣ የቆየች የ2 ዓመት ተኩል ልጅ ተርፋለች። ይህ እጅግ አልፎ አልፎ የሚሆን ነገር ነው። ሐኪሞች ግን በበረዶ ውሃ የቀዘቀዘ ልጅ ሰውነቱ እስኪሞቅ ድረስ ተስፋ የማይቆርጡት እንዲህ ያለ ነገር ስላዩ ነው። ቅዝቃዜው ራሱ አንጎልን ሊያቆይ ይችላል።

ይህን ሁሉ በአንድ ምሽት ማውራት አይቻልም፤ አያስፈልግምም። ፍሪዘሩን አንድ ቅዳሜ፣ ስልኩን ሌላ ቀን፣ ምንጣፉን ሌላ ጊዜ። የመጀመሪያው ብርድ ሳይገባ ብትጀምሩ ጥሩ ነው። ሰው የሚረሳው ግን ሁለተኛውን ጊዜ ነው፤ የክረምቱን መጨረሻ። ያኔ ልጆቹ ለወራት በረዶውን እያዩ ለምደውታል፣ እናንተም መናገር ሰልችቷችኋል። በረዶው ገና ወፍራም ነው፤ ውስጡ ግን በፀሐይ ተበልቶ ወደ ቀጫጭን ቋሚ ዘንጎች ተለያይቷል፤ እርስ በርስ አይያያዝም። በታኅሣሥ የያዘው ውፍረት በመጋቢት ይከዳል። ዳሩ ላይ ውሃ ሲታይ፣ ጣሪያው መንጠባጠብ ሲጀምር፣ አንድ ጊዜ እንደገና ቁጭ ብላችሁ አውሩ፤ ሦስቱን ቃላትም አስደግሟቸው።